ከፍጥነቱ በፊት ኤሌክትሪኩ

መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከብረታ ብረቱና ከፕላስቲኩ ክምር መካከል፣ አሮጌ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ፈልጎ ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ቆራሌው ከየሰፈሩ ሲሰበስብ እሱም አብሮ ይመጣል። ሥራው የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው፦ ለዚያ ቦርድ የሚሆን ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን ለሞኒተሩ የሚያወጣውን ክፍል፣ ማግኘት። በቦርዱ ዘመን የተሠራው ካርድ ወይ ተበልቷል ወይ ማራገቢያው ደርቋል። ስለዚህ ሰው ከቦርዱ ሦስት አራት ዓመት፣ አንዳንዴም አሥር ዓመት የሚያንስ ካርድ ይዞ ይመጣና «ይፈጥናል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔ ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ ብገፋው እመርጣለሁ። የእኔ ቅደም ተከተል ቮልቴጁ፣ ዋቱ፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም)፣ ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም)፣ ከሁሉም በኋላ ፍጥነቱ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ቮልቴጅ ላይ የተሳሳተ ቦርዱን ይገድለዋል። ዋት ላይ የተሳሳተ ያሳምመዋል። ባዮስና ድራይቨር ላይ የተሳሳተ ጥቁር ስክሪን እያየ ይቀመጣል እንጂ የሚቃጠልበት ነገር የለም። ፍጥነት ላይ የተሳሳተ ደግሞ የሚጎዳው ኪሱን ብቻ ነው።

(ለቃሉ ያህል፦ ሱቅ ውስጥ «ቪጂኤ» ሲሉ ካርዱን ነው፤ «ሲፒዩ» ሲሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኬዙን ከነሆዱ። እዚህ ግን ሲፒዩ ስል ፕሮሰሰሩን ብቻ ማለቴ ነው።)

ኤጂፒ በሚባለው የድሮ የግራፊክስ ካርድ ማስገቢያ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ቦርድ የሚሞተው በአብዛኛው እዚያ ነው። ኢንቴል መስፈርቱን እ.ኤ.አ. በ1996 አወጣ፤ በቦርድ ላይ የታየው በ1997 ከ440ኤልኤክስ ቺፕሴት (የቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኙ ቺፖች) ጋር ነው። 1ኤክስና 2ኤክስ የሚባሉት የመጀመሪያዎቹ ፍጥነቶች ምልክታቸውን በ3.3 ቮልት ይለዋወጣሉ። በ1998 የወጣው ሁለተኛው መስፈርት 4ኤክስን በ1.5 ቮልት አስተዋወቀ። በ2002 ደግሞ 8ኤክስ መጣ፤ ምልክቱ ወደ 0.8 ቮልት ወረደ፤ ማስገቢያው ግን የ1.5 ቮልቱን ቅርጽ እንደያዘ ቀረ።

ቅርጹን በዓይን ማንበብ ይቻላል። ማስገቢያው ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ጥርሷ የሞኒተር ገመድ ወደሚሰካበት፣ ወደ ኬዙ ጀርባ ከቀረበች ማስገቢያው የ3.3 ቮልት ነው። ከዚያ ራቅ ካለች የ1.5 ቮልት ነው። ጭራሽ ጥርስ ከሌለው ሁለቱንም ይቀበላል። ካርዱ ላይ ደግሞ በወርቃማው ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ክፍተት ታያላችሁ፤ ሁለት ክፍተት ያለው ካርድ «ሁለቱንም እችላለሁ» እያለ ነው።

«እያለ ነው» ያልኩት ሁሉም እውነቱን ስለማይናገር ነው። በተለይ የኤንቪዲያ ቲኤንቲ2 በሚባለው ካርድ ዘመን ከወጡት ርካሽ ካርዶች መካከል 3.3 ቮልት ብቻ እያወቁ ሁለት ክፍተት የተቆረጠላቸው አሉ። እንዲህ ያለው ካርድ ኢንቴል 845 ቺፕሴት ባለው የፔንቲየም 4 ቦርድ ላይ ሲገባ ልክክ ይላል። ቺፕሴቱ የሚያውቀው 1.5 ቮልት ብቻ ስለሆነ 3.3 ቮልቱ በቀጥታ ወደ ቺፕሴቱ ዋና ቺፕ፣ ወደ ኖርዝ ብሪጁ፣ ይሄዳል፤ እሱ ከተቃጠለ ደግሞ ቦርዱን የሚያድን ብየዳ የለም። አንዳንድ የቦርድ አምራቾች ይህን አይተው ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት ጨምረዋል፤ የተሳሳተ ካርድ ሲገባ መብራቷ ትበራለች፣ ኮምፒውተሩም አይነሳም። መብራቷ የሌለበት ቦርድ ላይ ግን ጥበቃው የእናንተ ዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ በ845 ቦርድ ላይ ከጂፎርስ 2 በፊት የወጣ ካርድ፣ ክፍተቱ ምንም ይሁን ምን፣ አላስገባም።

አዲስ ካርድ በአሮጌ ቦርድ ላይ ስናስገባ ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ አደጋው ያነሰ፣ ግራ መጋባቱ የበዛ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው 440ቢኤክስ እስከ ዛሬ የሚወደድ ቺፕሴት ነው፤ የሚሰጠው ግን 2ኤክስ በ3.3 ቮልት ነው። የኤጂፒ የመጨረሻ ትንፋሽ የሆኑት ራዲዮን ኤችዲ 3850ና ኤችዲ 4670 እዚያ አይገቡም፤ የ1.5 ቮልት ብቻ ናቸው። ፕላስቲኩ ይከለክላል። ጥርሱን በቢላ ቆርጦ ለማስገባት የሚያስብ ሰው ካለ ቢላውን ያስቀምጥ። ሁለት ክፍተት ካላቸው ጂፎርስ 4 ቲአይ 4200 ወይም ከጂፎርስ ኤፍኤክስ ቤተሰብ አንዱ ግን ለቢኤክስ የሚስማማ ነው።

ቢኤክስ አንድ ሌላ ወጥመድ አለው። ቺፕሴቱ የተሠራው ለ66ና ለ100 ሜጋኸርዝ ባስ (የፕሮሰሰሩ መገናኛ መስመር) ነው፤ የኤጂፒውን 66 ሜጋኸርዝ የሚያገኘውም ከ100ው ሁለት ሦስተኛውን ወስዶ ነው። 133 የሚፈልግ ፔንቲየም 3 ከገባበት ኤጂፒው 89 ሜጋኸርዝ ላይ ይሮጣል። ጥሩ ካርድ ይህን ይሸከማል፤ ደካማው ሙቀት ሲጨምር ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይረጫል። ያኔ ካርዱን ከመውቀስ በፊት ባስ ፍጥነቱን ወደ 100 መልሶ ማየት ነው። ነጠብጣቡ ከጠፋ ጥፋተኛው ታወቀ።

ከዚያም የኃይል ጉዳይ አለ። ሱፐር ሶኬት 7 በሚባለው የድሮ የፕሮሰሰር ማስገቢያ ዘመን የተሠሩ ቦርዶች ለኤጂፒ ማስገቢያው 3.3 ቮልት የሚያቀርቡት በትንሽ ሬጉሌተር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ክፍል) ነበር፤ ሠሪዎቹ ያሰቡት የዚያን ጊዜውን ቁጥብ ካርድ ነው። ጂፎርስ 256 ወይም ጂፎርስ 2 ሲገባበት ዊንዶውስ ያለችግር ይነሳል፤ ሦስት ገጽታ ያለው (3ዲ) ጌም ሲከፈት ግን ሁሉም ነገር ይደርቃል። ሰው ድራይቨር ሲቀያይር ይውላል፤ ሬጉሌተሩን በጣቱ ጫፍ ቢጠጋው ግን ሙቀቱ ይነግረው ነበር። እዚህ ላይ መፍትሔው ካርዱን ማሳነስ ነው። በቪአይኤ ቺፕሴት ቦርድ ላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ 4ኢን1 የሚባለው የቺፕሴት ድራይቨር ይጫን፣ ቀጥሎ ዳይሬክትኤክስ (ጌሞች ካርዱን የሚያዙበት የዊንዶውስ ሶፍትዌር)፣ የካርዱ ድራይቨር መጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ኤጂፒው እንደ ተራ ፒሲአይ፣ ከእሱ በፊት እንደነበረው ቀርፋፋ ማስገቢያ፣ መሥራት ይጀምራል፤ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘትም ያደክማል። ያም ሆኖ ካልረጋ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ማውረድ፣ ፋስት ራይት (ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ወደ ካርዱ የሚጽፍበት አሠራር) የሚለውን ማጥፋት፣ አፐርቸሩን (ካርዱ ከራም የሚጠቀምበትን ድርሻ) 64 ወይም 128 ሜጋባይት ማድረግ ነው። ፋስት ራይትን በማጥፋት የሚጠፋ ፍጥነት በዓይን አይታይም።

ኤጂፒ የሌለው፣ ተራ ፒሲአይ ብቻ ያለው ቦርድ ከገጠማችሁ በ133 ሜጋባይት በሰከንድ ጣሪያ ውስጥ ነው የምትኖሩት። የጥንት ፔንቲየም ቦርዶች ብዙዎቹ በፒሲአይ ማስገቢያው 3.3 ቮልት ጭራሽ አያወጡም፤ በኋላ የወጡ የፒሲአይ ካርዶች ደግሞ ይፈልጉታል። በቮልት መለኪያ ሜትር መለካት ነው።

ኤጂፒን የተካው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ ስንደርስ የቮልቴጅ ፍርሃቱ ያበቃል። መስፈርቱ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እንዲግባባ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የ2022 ካርድ በ2007 ቦርድ ላይ በአካል ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይሠራል። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት በ2004ና በ2005 የወጡ አንዳንድ የመጀመሪያ ቦርዶች ሁለተኛው ትውልድ ካርድ ሲገባባቸው ስለማይነሱ ነው። የባዮስ ማሻሻያ ካልተገኘላቸው ከካርዱ ጋር አይታገሉ፤ ሌላ ካርድ ይፈለግ።

እዚህ አዲስ አበባ በብዛት የሚገኘው ግን ከቢሮ የወጣ፣ ሶኬት 775 ያለው፣ ጂ31 ወይም ጂ41 ቺፕሴት የተሸከመ ቦርድ ነው። ማስገቢያው ኤክስ16 ነው፣ ማለትም አሥራ ስድስት የመረጃ መስመር አለው፤ ትውልዱ ግን 1.1 ነው፤ በአንድ አቅጣጫ 4 ጊጋባይት በሰከንድ። ይህ ቁጥር በራሱ መጥፎ አይደለም። መጥፎ የሚሆነው ካርዱ አሥራ ስድስቱንም መስመር ሳይጠቀም ሲቀር ነው።

ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ወጣ። ጠርዙ ረጅም፣ ኤክስ16 የሚመስል ነው፤ በውስጡ የተያያዙት መስመሮች ግን አራት ብቻ ናቸው። ሠሪዎቹ አራተኛውን ትውልድ አስበው ነው፤ በዚያ ላይ አራት መስመር ወደ 8 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሦስተኛው ትውልድ ላይ 4፣ ሁለተኛው ላይ 2፣ በእኛ ጂ41 ላይ 1 ጊጋባይት ይሆናል። የ1998ቱ ኤጂፒ 4ኤክስ 1,066 ሜጋባይት ነበር። እንግዲህ የ2022 ካርድ ገዝተን በኤጂፒ 4ኤክስ ቀዳዳ እናጮልቃለን ማለት ነው። ካርዱ ያለው ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ስለሆነ ጌሙ ከዚያ ሲያልፍ ትርፉን ከራም ላይ ማምጣት ይጀምራል፤ ያኔ ያቺ ቀዳዳ ትጠባለች፣ ምስሉም እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኼ ነው።

ስለዚህ ለአሮጌ ቦርድ ካርድ ሲመረጥ ከስሙ በፊት የመስመሩ ቁጥር ይነበብ። ጂቲ 1030ና አርኤክስ 6400 አራት መስመር ናቸው፤ አርኤክስ 550ና 560 ስምንት፤ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ፣ 1050 ቲአይና 1650 ሙሉ አሥራ ስድስት። ለጂ41 ከነዚህ የምመርጠው የ2014ቱን 750 ቲአይ ነው። 60 ዋት ነው የሚወስደው፤ አሥራ ስድስት መስመር አለው፤ የዊንዶውስ ኤክስፒ ድራይቨርም አለው። ከዚያ በላይ ያለውን ካርድ የቦርዱ ፕሮሰሰር፣ ኮር 2 ዱዎ፣ ራሱ ሊመግበው አይችልም።

አሁን ወደ ዋቱ። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ይሰጣል ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚህ ውስጥ በ12 ቮልቱ መስመር የሚመጣው 66 ዋት ነው። አንዳንድ ትንንሽ የቢሮ ኬዞች ውስጥ ያሉ ቦርዶች ግን አምራቹ ራሱ ከዚያ በታች ወስኗቸዋል፤ የሞዴሉን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ከ75 በላይ የሚፈልግ ካርድ ባለ 6 ፒን ገመድ ይጠይቃል፤ እሱም ሌላ 75 ዋት ነው። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ይህ ገመድ ስለሌለው ሰው ከሳታ (ሃርድ ዲስክ ኃይል የሚያገኝበት ማያያዣ) ወደ 6 ፒን የሚቀይር አስማሚ ይገዛል። አይገዛ። የሳታ ማያያዣ በ12 ቮልት በኩል እንዲሸከም የተሠራው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል። አስማሚ ግድ ከሆነ ከሁለት የተለያዩ ሞሌክስ (ባለ አራት ፒን የድሮ የኃይል ማያያዣ) የሚወስደው ይሻላል።

የፓወር ሰፕላዩን ጎን ደግሞ ማንበብ ይለመድ። በትልቁ የተጻፈው «300 ዋት» ብዙ አይነግርም፤ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጉ። 12 አምፔር ቢል 144 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም ሃርድ ዲስኩም ከዚያው ይበላሉ። የ2001 አካባቢ ፓወር ሰፕላዮች ጉልበታቸው 5 ቮልት ላይ ነበር። ዘመናዊዎቹ ደግሞ በተቃራኒው፣ ጉልበታቸውን 12 ቮልት ላይ አድርገው 5 ቮልቱን አሳንሰውታል። ባለ አራት ፒኗ የ12 ቮልት ማያያዣ የሌላቸው፣ አትሎን ኤክስፒ የሚባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሚይዙ ቦርዶች ፕሮሰሰሩን የሚመግቡት ከ5 ቮልት ነው። 65 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር ከዚያ መስመር ብቻውን 13 አምፔር ይመዝዛል፣ ብክነቱ ሳይቆጠር። ስለዚህ «አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዝቻለሁ» ማለት ለአትሎን ኤክስፒ ዋስትና አይሆንም፤ 5 ቮልቱ ቢያንስ 25 አምፔር እንዲል እፈልጋለሁ።

ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ሳጥን ከሆነ ሌላም አለ። ከኋላ ያለችው ቀይ ማብሪያ 115 ላይ ሆና ትመጣለች። በዚያ ሁኔታ የውስጡ ወረዳ የሚገባውን ቮልቴጅ በእጥፍ ያሳድገዋል፤ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ 200 ቮልት የሚችሉት ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ከአቅማቸው በላይ ይሸከሙና ይፈነዳሉ። ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 ትገፋ። የሰፈሩ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ምት ደግሞ ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይቀበለው።

የቦርዱ ካፓሲተሮች የየብቻ ታሪክ ናቸው። ከ1999 እስከ 2007 ገደማ ከተሠሩ ቦርዶች ብዙዎቹ ላይ መጥፎ ካፓሲተር አለ፤ ጭንቅላቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ አዲስ ካርድ ከማስገባት በፊት ይቀየር። አዲስ ካርድ በድንገት ኃይል ሲመዝዝ ያበጠው ካፓሲተር ቮልቴጁን አያረጋጋም፤ ኮምፒውተሩ ራሱን እያጠፋ ይነሳል። የሚተካው ዝቅተኛ ኢኤስአር (የውስጥ ሬዚስታንስ) ያለው፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት፣ ማይክሮፋራዱ ተመሳሳይ፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። በነጩ የተቀባው ጎን ኔጌቲቭ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለው ምልክት ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ አሮጌው ሳይነቀል ፎቶ ይነሳ። ማዘርቦርድ ውስጡ ሰፊ የመዳብ ንብርብር ስላለው ሙቀቱን ይመጠዋል፤ 30 ዋት መበየጃ እዚያ ላይ ያለቅሳል። 60 ዋት ይዞ፣ ቀዳዳው ላይ ትኩስ ሶልደር ጨምሮ፣ ሁለቱን እግሮች በየተራ እያሞቁ ማወዛወዝ ነው። በጉልበት የሳበ የቀዳዳውን መዳብ ይዞት ይወጣል።

ባዮስ ላይ ሦስት ነገር ብቻ። የቢሮ ቦርዶች የራሳቸው ቪጂኤ ስላላቸው መጀመሪያ የትኛውን ማሳያ እንደሚያስነሱ የሚወስነው ምርጫ ወደ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይዙር። ባትሪዋ፣ ሲአር2032፣ ካለቀች ይህ ምርጫ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል። ሦስተኛው፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት የኢንቴል አርክ ካርዶች ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው አዲሱ አሠራር) የሌለውን ቦርድ አያውቁትም፤ ለአሮጌ ቦርድ አይታሰቡ።

ድራይቨሩ የዘመኑን ድንበር ያሰምራል። ለዊንዶውስ 98 የኤንቪዲያ የመጨረሻው ይፋዊ ድራይቨር የ2005ቱ 81.98 ነው፤ እስከ ጂፎርስ 6 ይደርሳል። የራዲዮን ሠሪው የኤቲአይ ደግሞ የ2006ቱ ካታሊስት 6.2 ነው፤ እስከ ኤክስ850። ለኤክስፒ ደግሞ ኤንቪዲያ በ2016 በ368.81 አቁሟል፤ ጂቲኤክስ 950ና 960 የመጨረሻዎቹ ናቸው። ከዚህ በላይ ያለ ካርድ ለኤክስፒ የሚገዛ ሰው የክፍል ማሞቂያ ገዛ። በጂፎርስ 4 ላይ ደግሞ የመጨረሻውን ድራይቨር ከመጫን 45.23ን መሞከር ይሻላል፤ አዲሱ የተጻፈው ለታናናሾቹ ነው። የ98 ጌሞችን የሚወድ ሰው ከኤፍኤክስ ባያልፍ ይመረጣል። ባለ 8 ቢት የቀለም ሰሌዳ የሚጠቀሙ የጥንት ጌሞች ከጂፎርስ 6 ጀምሮ ያንን በሃርድዌር አያገኙትም፤ ውጤቱ የተበላሸ ቀለም ነው።

ሞኒተሩ የሚረሳ ነገር ነው። የጥንቱን ባለ ቱቦ ስክሪን ለሚፈልግ የአናሎግ ምልክት ያስፈልገዋል፤ በኤንቪዲያ በኩል ዲቪአይ ላይ አናሎግ የሚያወጣው የመጨረሻው ቤተሰብ የ900 ነው። በ1050 ቲአይ ዲቪአይ ላይ አራቱ የአናሎግ ቀዳዳዎች የሉም፤ ርካሿ የፕላስቲክ መቀየሪያ አትገባም።

ስለ ማቀዝቀዝ አንድ የአገር ነገር አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የሚያሻግረው አየር በክብደት ያንሳል። ክፍላችን ቀዝቃዛ መሆኑ ያካክሳል፤ ማራገቢያ የሌለው፣ ብረት ብቻ የተሸከመ ካርድ ሲሆን ግን ከኬዙ ፊት አንድ ማራገቢያ ይጨመር። አቧራውን ደግሞ ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፤ ከቱቦው ውሃና ዘይት አብሮ ይወጣል፣ ማራገቢያውንም ከልኩ በላይ ያሽከረክረዋል። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የካርዱ ወርቃማ ጠርዝ በነጭ ላጲስ ይፈተግና በአልኮል ይጠረግ።

መጀመሪያ ሲበራ ቦርዱ ከኬዙ ውጭ፣ ካርቶን ላይ ይሁን። የማትሳሱለት ርካሽ ካርድና አንድ ራም ብቻ ይግባ። ስፒከሯ ትሰካ፤ አዋርድ ባዮስ ላይ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ጩኸት ካርዱን አላየሁም ማለት ነው። ከተነሳ በሞሌክሱ ላይ በሜትር ይለካ፦ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25። ከዚያ ይጥፋ፣ ገመዱ ይነቀል፣ ዋናው ካርድ ይግባ፣ ግማሽ ሰዓት ጌም ይሩጥበት። ሜትሩ ቀዩ ላይ እንደተያያዘ ይቆይ፤ ጌሙ ሲከብድ ቁጥሩ ከ4.75 በታች ከወረደ ጌሙን ጨርሱ ሳትሉ አጥፉት።